ግማሽ

ደንበጫ ላይ ገዛሁት፣ ካንድ ጡረተኛ፣
ሽባባው ይባላል፤ የወረዳ ዳኛ።
ላንድሮቨር ነው፣ አሮጌ፤ በሩን ገመድ አስሮት፣
ቀለሙን ፀሐይ ልሶት።
«በትሯን እንዳትጥላት» አለኝ ቁልፉን ሲሰጠኝ፤
ሽማግሌ ነውና ሌላስ ምን ሊመክረኝ?
ከወንበሩ ኋላ ክንድ ከስንዝር እንጨት፣
ወይራ ናት፤ ጎን ጎኗን በቢላ የበጧት።
ለውሻ ናት አልኩና ተውኳት እንደ ተኛች፤
እኔን ደስ ያለችኝ መርፌዋ ናት፣ ግማሽ ላይ የቆመች።

ጂጋ ደረስኩ፤ ግማሽ።
ፍኖተ ሰላም ገባሁ፣ አደርኩ፤ አሁንም ግማሽ።
ቡሬ ሄጄ በርበሬ ጫንኩ፣ ሦስት ኩንታል ከምናምን፤
ግማሽ!
ይህ መኪና አይደለም አልኩ፣ ብታምንም ባታምን፣
የሰራፕታዋ መበለት ማሰሮ ነው፣ ዘይቱ የማይጎድል፤
ለጎረቤት አወራሁ፣ እንደ ታደለ ሰው፣ እንደ ባለ ዕድል።

ባራተኛው ቀን ግን፣ የብር ወንዝ ዳገት ላይ፣
ሁለቴ አስነጠሰና ቀጥ አለ። ግማሽ ላይ።
ብር ወንዝ ዳር ቆሜ ኪሴን ብዳብስ፣ ብር የለም፤
ጄሪካን አንጠልጥዬ በእግሬ... ጂጋም ቅርብ አይደለም።

ልየው ነው ያየልኝ፣ ከማንጎ ተራ ኋላ፤
ቴስተር በደረት ኪሱ፣ ሸንኮራ እየበላ።
መፍቻ አላነሣም፤ በጥያቄ ነው የጀመረው፦
«ቁልፍ ስታጠፋ ትወርዳለች?»
«አዎ።»
«ስታበራስ?»
«ቀስ ብላ ግማሽ ትደርስና፣ እዚያው።»
«እንግዲያ አልሞተችም።»

የወንበሩን ትራስ ገልብጦ፣ ሰርባቶዮው ወለል ሲል፣
ሽቦዋን ነቀላት፤ መርፌዋ ባዶ ላይ ወረደች፣ እንደ ቅጠል።
ከቦዲው አስነካት፤ ተነሣች፣ ተንጠራራች እስከ ሙሉ።
«ዓይኗም ጅማቷም ደህና፤ የጠየቋትን ትመልሳለች ሁሉ፤
እሷ የነገሯትን ነው የምትናገር፤
ዋሾው ምስክር እታች ነው፣ ነዳጁ ውስጥ የሚያድር።»

አምስቱን ብሎን ፈታ። ቤንዚን ዓይናችንን ቆጠቆጠው።
ክንዱን ስቦ አወጣና ወደ ብርሃን አገላበጠው።
ተንሳፋፊው ደህና፤ አልተበሳም፣ አልሰመጠም።
ክንዱ ግን ታስሯል፣ በመዳብ ሽቦ፣ ሦስቴ ተጠምጥሞ፣
እንዳይወጋ ጫፉ ታጥፎ፣ እኩሌታው ላይ ቆሞ።
«ይህ ዝገት አይደለም፤ ሰው ነው ያሰረው» አለ ልየው።
«ሻጭህን ደውልለት፤ ሌብነቱን ዛሬ እንየው።»

ደወልኩ። ማንጎ ሻጮቹ ዞረው እስኪያዩኝ ጮኽኩበት።
ዳኛው አላቋረጠኝም፤ ሰማኝ፣ ልክ እንደ ችሎት።

«አትጠገብ ትፈራ ነበር» አለ። «የመጀመሪያችንን ስታምጥ፣
ሌሊት፣ ክረምት፣ ነዳጅ አለቀብን፣ ሐኪም ቤት ሳንደርስ፣ ጭቃ ውስጥ።
ልጅቷ አልቀረችልንም።
ከዚያ ወዲህ መርፌዋ ከግማሽ ዝቅ ካለች አትሳፈርም፤
ላብ ያጠምቃታል፤ ‹አውርደኝ› ትላለች።
አሰርኩላት። እኔ በበትር እለካለሁ፣ እሷ መርፌዋን ታያለች።
ሃያ ሁለት ዓመት ሄድን፤ አንድም ቀን መንገድ ላይ አልቀረን።
አምና አረፈች። ልፈታው ቀርቤ፣ እጄ እምቢ አለኝ፤
እንደ ታሰረ ሸጥኩት።
በትሯን ግን ነግሬሃለሁ።»

ነግሮኛል።

ልየው ፒንሳውን አነሣ፣ አስቀመጠ፣ መልሶ አነሣ።
«ልቁረጠው?»
«ቁረጠው» አልኩ፤ ድምፄ ሳሳ።

አሁን መርፌዋ እውነት ትናገራለች፤ እንቅልፍ ግን የላትም፦
ዳገት ላይ ታንሳለች፣ ቁልቁለት ላይ ትበዛለች፣ ጠጠር ላይ አታርፍም።
የረጋው ውሸቱ ነበር።
ማደያ ስደርስ ትራሱን ገልብጬ በትሯን እነክራለሁ፣
አውጥቼ እርጥቡ የት እንዳበቃ አያለሁ።
አራት በጣ አላት። ሦስቱ ተራ ጭረት ናቸው፤
ግማሹ ላይ ግን፣ ጠለቅ ብሎ፣ በቢላ ጫፍ፣
«አ» ተጽፏል።